የሻገተ በርበሬ ታጥቦ አይጠራም

(በቅሬያችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ። መካነ ሰላም።)



ዛሬ በአጀንዳው ሦስተኛ ተራ የተያዘው የበርበሬ ጉዳይ ነው። «ለበርበሬ ደግሞ ንግግር!» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ይሁን እንጂ እንደሚታወቀው ሁሉ የቅሬው ንብረት ድንኳኑና ብረት ድስቱ ብቻ አይደለም። በዕቃ ቤታችን የሚቀመጠው በርበሬና ሽሮም ንብረት ነው። ሐዘን ሲደርስ ሥጋው በየሃይማኖቱ ይለያል፤ ሽሮውና ምስሩ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ቀርቦ የሚበላው ነው። ስለሆነም ወደዚያ ድስት የሚገባው በርበሬ ወደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሆድ ይገባል ማለት ነው።

ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ለቅሬው ሦስት ከረጢት ዛላ በርበሬ ተገዝቶ ነበር። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ሲከፈት ሁለቱ ሻግቶ ተገኘ። ከላይ ሲያዩት ቀይ ነው፣ ያምራል። ዛላው ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ አመድ የመሰለ፣ አንዳንዱም የጠቆረ ሻጋታ ይዟል። ነጋዴው ክብደት እንዲጨምርለትና ዛላው እንዳይሰባበርበት ውኃ ረጭቶ እንደሸጠልን በኋላ ተረጋግጧል። ስሙን እዚህ ላይ አልጠራም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል።

አሁን ጥያቄው ያ ሁለት ከረጢት ምን ይሁን የሚል ነው። እስከ ዛሬ ሦስት ሐሳብ ሰምቻለሁ። አንዱ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ቆልቶ ማስፈጨት ነው። ሌላው ገበያ አውጥቶ መሸጥ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ «ጣሉትና ከእንግዲህ የታሸገውን የሱቅ በርበሬ ግዙ፣ ምን አደከማችሁ» ይላሉ።

መጀመሪያ ስለ ማጠቡ። ሻጋታ ሁሉ አንድ አይደለም። በበርበሬ፣ በበቆሎና በለውዝ ላይ ከሚወጣው ሻጋታ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ አለ። ይኸ መርዝ የታወቀው በ1952 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከመቶ ሺህ በላይ ካለቁ በኋላ ነው። ምክንያቱ ሲፈለግ መኖአቸው ውስጥ የገባ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ዶሮ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ በ1996 ዓ.ም. እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ በምሥራቁ ክፍል፣ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። መርዙ የሚመታው ጉበትን ነው። በብዛት ከተበላ በቶሎ ይገድላል፤ ጥቂት በጥቂት ከተበላ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በጉበት ካንሰር ይመጣል።

እርግጥ በርበሬ እንደ በቆሎ በሰሃን አይበላም፣ በማንኪያ ነው። ግን በየቀኑ ነው እኮ! ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ጠዋትም ማታም።

አንድ አባታችን «እናቶቻችን ሲበሉት ኖሩ፣ ማን ሞተ?» ብለዋል። አባባ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት። ድሮ ሰው በምን እንደሞተ ማን መርምሮ ያውቃል? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ አብጦ የሞተ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ይቀበራል፣ በቃ። ሁሉም በበርበሬ ሞተ ማለቴ አይደለም፤ አንድም በዚህ አልሞተም ለማለት ግን ማስረጃ የለንም ለማለት ነው።

ታዲያ ማጠብ ለምን አይረዳም? መርዙ እንደ አቧራ ላይ ላዩን የተቀመጠ አይደለም፣ ወደ ሥጋው ይገባል። ታጥቦ የሚሄደው የሚታየው ሻጋታ ነው። እንዲያውም የታጠበ ዛላ በዚህ በደጋው ብርድ ቶሎ ስለማይደርቅ እንደገና ይሻግታል። መቁላቱም ሻጋታውን ይገድለዋል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። የተፈጨ ጊዜ ደግሞ የባሰ ነው፤ ክፉው ከደጉ ተቀላቅሎ፣ ቀለሙ አምሮ፣ ማንም የማይለየው ይሆናል።

ስለ መሸጡ ብዙ አልናገርም። ሐሳቡን ያቀረቡት አባል ክፉ ሰው ሆነው ሳይሆን መዋጮው ቆጭቷቸው ነው፤ እኔንም ቆጭቶኛል። ነገር ግን ገበያ ላይ የሚገዛን ማነው? የሌላ ቅሬ ሰው ነው። እኛ ላይ የተሠራውን እኛ በሌላው ላይ ልንሠራ ነው ወይ? ለከብት እንስጠው የሚልም አለ። የሻገተ እህልም ሆነ ፋጉሎ ላም ከበላችው መርዙ ወደ ወተቷ ያልፋል። ያንን ወተት ደግሞ ሕፃናት ናቸው የሚጠጡት።

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ ሁለቱ ከረጢት ይቀበር የሚል ነው። እንዳይቃጠል፤ የበርበሬ ጭስ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያስለው ይውላል። ሦስተኛው ከረጢት ደኅና ይመስላል፤ እንደዚያም ሆኖ ዛላው አንድ በአንድ እየተሰነጠቀ ይታያል።

ወደ ፊት ስንገዛስ? ወቅቱ ዋና ነገር ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ በርበሬ ከቆላ ነው የሚመጣልን። አዲሱ ዛላ የሚወጣው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ነው። ያኔ ፀሐዩም አለ፣ ዋጋውም ይሻላል። በግንቦት መግዛት ማለት ዓመት ያለፈውን፣ ነጋዴ እጅ የከረመውን፣ ክረምት ሊገባ ሲል መግዛት ማለት ነው። ሲገዛ ዛላውን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት፤ ደረቅ ከሆነ ፍሬው ይንሿሿል። እጠፉት፤ ደረቅ ከሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ውኃ ያለበት ግን እንደ ጠፍር ይታጠፋል። ከዚያ ከከረጢቱ አናት ሳይሆን ከመካከሉና ከሥሩ አምስት ስድስት ዛላ አውጥታችሁ ሰንጥቁ። ነጋዴው ከተቆጣ ትታችሁ ሂዱ። በነገራችን ላይ በጣም ደማቅ ቀይ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ የማረቆ ፋና የሚባለው፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ዘር እንኳ ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

ስለ ከረጢቱም አንድ ነገር። ማዳበሪያ የመጣበትን ከረጢት አጥበን በርበሬና እህል የምናስቀምጥበት ልማድ ይቅር። የተጻፈበት እኮ የአፈር ማዳበሪያ ተብሎ ነው! ንጹሕ ጆንያ ይገዛል፤ ጆንያውም መሬት ላይ ሳይሆን በቆጥ ወይም በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ሐሳብ ልምጣ። የታሸገ በርበሬ መጥፎ ነው የሚል ሰው አይደለሁም። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ የት አስጥቶ፣ የት ቀንጥሶ ያስፈጫል? ችግሩ ያለው የተፈጨ ነገር ሲገዛ ውስጡ ምን እንዳለ ዓይን ስለማያየው ነው። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሸክላ ጡብ ፈጭተው ከበርበሬ ጋር ሲቀላቅሉ ስለተያዙ ሰዎች በየጊዜው በዜና ሰምተናል። ይኸ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1995 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ በገባ የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ሱዳን ቁጥር 1 የሚባል ቀለም ተገኘ። ስሙ ነው እንጂ ከሱዳን አገር መጣ ማለት አይደለም፤ ለሰምና ለጫማ ቀለም የሚሆን ነገር ነው። በየካቲት 1997 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ አገር ያው ቀለም ባለበት በርበሬ ምክንያት ከ400 በላይ ዓይነት የምግብ ሸቀጥ ከሱቅ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። አንድ በርሜል የተበላሸ በርበሬ ስንት ቤት እንደሚገባ አስቡት።

በቤት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ በርበሬ በቀስታ ይነስነስ። በርበሬው ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሸክላ ወይም አሸዋ ግን ወዲያው ከሥር ይዘቅጣል፤ ውኃው ሲደፋ ዝቃጩ በጣት ሲታሽ ይኮረኩራል። ይኸ ሸክላውን ያሳያል እንጂ ቀለሙንም ሻጋታውንም አያሳይም። እነሱ በላቦራቶሪ ነው የሚታወቁት። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የወጣው ለዚህ ለዚህ ነው፤ ስለዚህ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን እሽግ ለቅሬው አንገዛም። በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠውንማ ጭራሽ።

ስለ ቀኑ ካነሳሁ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «03/2027» የሚለውን አንድ ሰው በእኛ አቆጣጠር አንብቦ «ኧረ ገና ብዙ ዓመት አለው!» ሲል ሰምቼአለሁ። 03/2027 ማለት መጋቢት 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። ከጥር ወዲህ እስከ ጳጉሜን ድረስ ላለው 8 ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ላለው 7 ዓመት ትቀንሳላችሁ። የአገር ውስጡ ሸቀጥ ግን አንዳንዱ በእኛ፣ አንዳንዱ በፈረንጅ ስለሚጽፍ «ዓ.ም.» የሚል ፊደል እንዳለበት እዩ።

ቀኑ ደግሞ ለሁሉም ምግብ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። የተፈጨ በርበሬ በደረቅ ቦታ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ከተቀመጠ ቀኑ ባለፈ ማግስት መርዝ አይሆንም። የሚሆነው ሽታውና ቀለሙ እየደከመ መሄድ ነው። ብርሃንና ሙቀት ቀለሙን ያነጡታል፤ ስለዚህ በመስኮት ላይ በብልቃጥ የሚደረደረው ለዓይን ነው እንጂ ለበርበሬው ጥሩ አይደለም። ዛላው እንዳለ ከሆነ ከተፈጨው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እንግዲህ ቅሬው የሦስት ወሩን ብቻ እያስፈጨ ሌላውን በዛላ ቢያስቀምጥ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

የቆርቆሮ ምግብ ነገር ሌላ ነው። ዐረብ አገር ያሉ ልጆቻችን በመጡ ቁጥር ፉሉን፣ ቱናውን፣ ሳርዲኑን ይዘው ይመጣሉ፤ ጥቂቶችም ለቅሬው ሰጥተዋል፣ እግዜር ይስጥልን። ብዙዎቻችን ቆርቆሮን የምናውቀው በመርቲ የቲማቲም ድልህ ነው፤ ባዶ ጣሳውም እህል መስፈሪያ ሆኖ ኖሯል። ቲማቲም ኮምጣጣ ስለሆነ ቆርቆሮውን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፤ እስከ ዓመት ወይም ዓመት ተመንፈቅ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ፉል፣ ዓሣና ሥጋ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይቆያሉ፤ ይኸም ቆርቆሮው ሳይዝግ፣ ሳይጎደጉድ፣ በተለይም ሳያብጥ ነው። ያበጠ ቆርቆሮ አይከፈትም፣ አይቀመስም። «ትንሽ ልቅመሰው» የሚለው ነው የሚገድለው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አሜሪካ አገር ቺሊ የሚሉት፣ ሥጋና ቦሎቄ በበርበሬ ተሠርቶ በቆርቆሮ የሚታሸግ ወጥ አለ። ወደዚያ የሄዱ ልጆቻችን አልጫ ነው እያሉ በርበሬና ሚጥሚጣ እየጨመሩ ይበሉታል። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ጆርጂያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ኦገስታ ከተማ፣ ካስልቤሪ የሚባል ፋብሪካ ያሸገው የቺሊ ስጎ በደንብ ሳይበስል ታሽጎ ኖሮ ሰዎችን ቦቱሊዝም በሚባለው በሽታ ጣለ። ሕዋሱ አየር በሌለበት፣ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ነው የሚራባው፤ መርዙ ነርቭን ይይዛል፣ ዓይን ይከደናል፣ ምላስ ይታሰራል፣ በመጨረሻ መተንፈስ ያቅታል። የሕዋሱን ዘር ለመግደል 121 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ፋብሪካዎቹ በትልልቅ የግፊት ማብሰያ ነው የሚያደርሱት። እዚህ መካነ ሰላም ከፍታው ላይ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ «እኛም ወጣችንን በጠርሙስ አፍልተን እናሽግ» ያላችሁት እኅቶች ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ በደጋ አገር፣ ያለ ግፊት ማብሰያ ግን የሚሆን አይደለም። ድርቆሽና ቋንጣ አይሻሉም ወይ?

ቆርቆሮ ከተከፈተ በኋላ ወደ ሳህን ይገለበጥ፤ ፍሪጅ የሌለው ሰው በዚያው ቀን ይጨርሰው። ድልህም ቢሆን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ውኃ በዝቶበት፣ ዘይት ፈስሶበት፣ ተከድኖ ለወራት ሲቀመጥ ያው አየር የሌለበት ቦታ ሆነ ማለት ነው። ጥቂት ጥቂት ይሠራ፤ ጨው ይብዛበት፣ ሎሚም ይጨመርበት። (ለቅሬ በሚሠራ ድልህ ጠጅም አረቄም አይገባም፤ ይኸ ድሮም የተስማማንበት ነው።)

አሁን ደግሞ ወጥ ሠሪ እናቶች ወደሚወዱት ልምጣ። «የሱቅ በርበሬ አይሸትም፣ አይጣፍጥም» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ግን ሊታከም ይችላል። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ በውኃ አይሟሟም፣ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ በርበሬው የፈላ ውኃ ላይ ከሚነሰነስ ቁሌቱ ላይ፣ በዘይትና በሽንኩርት፣ በዝግታ እሳት ቢታሽ የደከመውም ይነሣል። ውኃ ጠብ እያደረጉ ነው፤ ካረረ መራራ ነው የሚሆን። አዲስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እዚያው ይግባ። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ መከለሻው ግን ሊወጣ ሲል ነው፤ ሽታቸው በእንፋሎት ስለሚሄድ መጀመሪያ የገባ መከለሻ ጎረቤት አሽትቶት ያልቃል፣ ለበላተኛው አይደርስም። ፉል ከቆርቆሮም ቢሆን ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተከተፈ ቃሪያና ትንሽ ድቁስ ከተደረገበት በደንብ ፈልቶ ሌላ ምግብ ይሆናል። ለልጆችና ለጨጓራ በሽተኞች እንዳያቃጥል ፍሬውን ማራገፍ ብቻ አይበቃም፤ ማቃጠሉ ያለው ፍሬው የተያያዘበት ነጣ ያለው ሥር ላይ ነው። ያቃጠለው ሰው ደግሞ ውኃ ከሚጠጣ ወተት ወይም እርጎ ቢጠጣ ይሻለዋል፤ ምክንያቱን ቀደም ብዬ ተናግሬዋለሁ።

እንግዲህ ለድምፅ የሚቀርበው ይኸ ነው። ሁለቱ ከረጢት እንዲቀበር፤ ከታኅሣሥ በፊት የሚገዛው አዲስ ዛላ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ባሉበት በአራት ሰው ፊት ተሰንጥቆ እየታየ እንዲገዛ፤ የታሸገ በርበሬ ለድንገተኛ ብቻ፣ ያውም ሙሉ ጽሑፍ ያለበት እንዲሆን። እስከዚያው ሐዘን ቢደርስ ዕቃ ቤቱ ባዶ ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጣሳ በርበሬ በብድር እንዲሰጥ እንለምናለን፤ በመዝገብ ይያዛል፣ አዲሱ ሲፈጭ ይመለሳል። የሌለው አይገደድም።

የቀረችውን አንዷን ከረጢት የምንሰነጥቀው በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ በዕቃ ቤቱ ደጅ ነው። የምትመጡ ሰዎች ሰፌድና ትንሽ ቢላ ያዙ፣ አፍንጫችሁን የምትሸፍኑበት ጨርቅም አትርሱ።